ክኒኑ ሲቀንስ የመጡ ሕልሞች

ቬርሊን ስቴሲ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ሕልም ያየው የግዛቱ መንግሥት በሕመም ማስታገሻ ክሊኒኮች ላይ አዲስ ሕግ ባወጣበት ዓመት ነው፤ በሚያዝያ ወር፣ ምሳውን በልቶ ወንበሩን ዘርግቶ ጋደም ባለበት።

እናቱ ኬዛያ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ፎሶሊያ በክር ትሰካለች። ጉም ከጅረቱ ተነስቶ የበረንዳውን ደረጃ አንድ በአንድ እየወጣ ነው። እግሯ ጉሙ ውስጥ ጠፍቷል፤ ጭኗ ላይ ያለው ሳህን ብቻ እንደ ጀልባ ተንሳፍፎ ይታያል። መርፌዋ ፎሶሊያውን በወጋ ቁጥር ጠሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። ቀና ብላ ሳታየው፣ ውሃ አቀብለኝ የምትል ያህል በለዘበ ድምፅ፣ «ልጄ፣ መዝሙሬን አወረድክልኝ?» አለችው።

ነቃ። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተጣብቋል። መስኮቱ ላይ ነጭ አበባ የለበሰው የዱር ዛፍ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፤ ለጥቂት ጊዜ ዛፉም የሕልሙ ይሁን የውኑ መለየት አቃተው።

«ምን አልክ?» አለች ሚስቱ ዶርካስ ከኩሽና።

«ምንም አላልኩ።»

«ተናግረሃል። ‹እማዬ› ብለሃል።»

ቬርሊን ጣሪያውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ የጠፋ ዕቃ ኪሱ ውስጥ እንዳገኘ ሰው ግራ በተጋባ ድምፅ፣ «ሕልም አየሁ» አላት።

ዶርካስ እጇን እያደራረቀች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «አንተ?» አለች። «ሕልም?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቬርሊን በምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች ከተወለዱት ወንዶች እንደ አብዛኛው ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሌላ ሥራ አያውቅም ነበር። ሥራው የዋሻውን ጣሪያ በረጅም ብረት እየቸነከሩ እንዳይናድ ማሰር ነው። አርባ ስድስት ዓመት ሲሆነው፣ እሱ ያላሰረው ጣሪያ፣ ሌላ ሰው አስሬዋለሁ ያለው፣ የምግብ ጠረጴዛ የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ጀርባው ላይ ጣለበት። ሐኪሞቹ አከርካሪውን በብረት ገጣጠሙለት። «እኔ ጣሪያ ሳስር ኖሬ እኔንም አሰሩኝ» ይል ነበር በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ገና ቀልድ በነበረው ጊዜ። ከዚያ ወደ ክሊኒኩ ላኩት፤ ክሊኒኩም ክኒኑን ሰጠው።

ክኒኑ ሕመሙን አላጠፋውም። ሕመሙን ወደ ጓዳ ያስገባውና በሩን ይዘጋበታል። ቬርሊን ከበሩ ወዲህ ሆኖ፣ በጥጥ እንደተጠቀለለ ብርጭቆ፣ ቀኑን ያሳልፋል። ምግብ ይበላል፤ ሰው ሲስቅ ይስቃል፤ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ችግሩ፣ ከሕመሙ ጋር ምን ምን ነገር አብሮ እንደተዘጋበት አለማወቁ ነው። ዓመቶቹ እርስ በርስ ተደራርበው አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ ሆኑ።

ክሊኒኩ ድሮ ጫማ መሸጫ በነበረ ቤት ውስጥ ነበር። ጫማ የሚለካባቸው አጫጭር መስተዋቶች ከወለሉ አጠገብ እንደተገጠሙ ቀርተዋል፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ከጉልበቱ በታች ያለውን ራሱን እያየ ይቀመጣል። ከሕጉ በፊት ወንበር አይገኝም ነበር። በር ላይ የሌላ ግዛት ታርጋ የለጠፉ መኪኖች ከማለዳው ጀምሮ ይደረደራሉ፤ የማይታወቅ ፊት ይገባል፣ የማይታወቅ ፊት ይወጣል። የክሊኒኩ ባለቤት ሐኪም አይደለም፤ ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚሸጥ ሰው ነው። ማዘዣ የምትጽፈው ዶክተር ሌኖራ ዊት ናት፤ ወደ ስልሳ የተጠጋች፣ መነጽሯን ጸጉሯ ላይ ሰክታ በየክፍሉ የምትፈልግ ሴት።

ከሕጉ በፊት በነበረው ዓመት በኦተር ጅረት ሸለቆ ብቻ ሰባት ሰው ተቀብሯል፤ ከሰባቱ ሦስቱ ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው። ሰው ሁሉ የሞቱበትን ምክንያት ያውቃል፤ ለቅሶ ቤት ግን «ልቡ ነው» ይባላል። ሕጉ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

«አቶ ስቴሲ» አለችው ዶክተር ዊት በየካቲት መጀመሪያ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የምጽፈውን ሁሉ ከእኔ ሌላ የሚያነበው አለ።»

«ማነው?»

«ግዛቱ ነው። እያንዳንዷ ክኒን በነሱ ኮምፒውተር ትመዘገባለች። ሽንት እንመረምራለን። በማንኛውም ቀን ጠርተን ክኒንዎን እንቆጥራለን። መጠኑንም መቀነስ አለብን፤ እርስዎ የሚወስዱት ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው።»

«ጽሕፈትዎን ማንበብ ከቻሉ ጎበዞች ናቸው» አለ ቬርሊን።

ሐኪሟ ፈገግ አለች እንጂ አልሳቀችም። መጠኑን በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ ቀነሰችው።

የመጀመሪያው ወር ክፉ ነበር። ያዛጋል፤ ዓይኑና አፍንጫው ያለቅሳሉ፤ እግሮቹ የሌላ ሰው ይመስል በራሳቸው ፈቃድ ይፈራገጣሉ። የጓዳው በር ተከፈተና ሕመሙ ወጣ። ከቀበቶው በላይ ውሻ ነክሶ እንደያዘው፣ ሲራመድም ውሻውን ይዞ እንደሚራመድ ሆነ። ግዛቱን ረገመ፤ ዋና ከተማ ተቀምጠው ሕግ የሚያወጡትን፣ ድንጋይ ጫማቸው ውስጥ ገብቶ እንጂ ከጣሪያ ወድቆባቸው የማያውቁትን ሁሉ ረገመ። በሁለተኛው ወር ርግማኑ ደከመው። በሦስተኛው እናቱ መጣች።

የእናቱ ጥያቄ አልለቀቀውም። በነሱ ቤተ ክርስቲያን መሣሪያ የለም፣ የመዝሙር መጽሐፍም አይገለጥም። አንድ ሰው ተነስቶ ስንኙን ያወርዳል፤ ሕዝቡ ያንኑ ስንኝ ተቀብሎ እየሳበና እያስረዘመ ወደ ተራራው ይልከዋል። ቬርሊን ከሃያ ዓመቱ ጀምሮ አውራጅ ነበር። ኬዛያ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሁሉ፣ «እኔ ስሞት የሚያወርድልኝ ቬርሊን ነው፤ ሌላ ሰው አፉን እንዳይከፍት» ትል ነበር። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ቀብሯ ላይ መቆሙን ያስታውሳል። ጫማው ጭቃ እንደነካው ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ ጥጥ ነው።

መጀመሪያ የጠየቀው ታናሽ ወንድሙን ሆባርትን ነው። ሆባርት ከሸለቆው ግርጌ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ የሣር ማጨጃ ሞተር ይጠግናል።

«ሆባርት፣ እማዬ የተቀበረች ዕለት መዝሙር አውርጄ ነበር?»

ሆባርት ከሞተሩ ላይ ቀና አላለም። «አውርደሃል እንጂ።»

«እንዴት ነበር?»

«መዝሙር ነዋ። እኔ ደግሞ መቼ ጆሮ አለኝ? ስዘምር ውሻዬ እንኳ ጥሎኝ ይሄዳል።»

«በሕልሜ መጥታ ጠየቀችኝ።»

አሁን ሆባርት ቀና አለ። በዘይት በጠቆረ እጁ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ። «ስለ መጋዙ አነሳች?»

«የምን መጋዝ?»

«የአባዬን መጋዝ ተውሼ አልመለስኩላትም ነበር።»

«ስላንተ ምንም አላለችም።»

«እሰየው» አለ ሆባርትና ወደ ሞተሩ ተመለሰ። ግን ብሎኑን የሚያዞረው ወደተሳሳተው አቅጣጫ ነበር፤ ቬርሊንም አየው።

ሕልሞቹ ከዚያ ወዲህ በየከሰዓቱ ይመጡ ጀመር፤ ጎርፍ ከላይ ሲመጣ እንደሚገፋው ዕቃ፣ አንዱ ካንዱ ሳይገናኝ። አንድ ቀን ክሊኒኩን አየ። ወንበሮቹ ሁሉ ሞልተዋል፤ የተቀመጡት ባለፉት ዓመታት ሸለቆው የቀበራቸው ሰዎች ናቸው። ሁሉም ባዶ እግራቸውን ናቸው። እናቱ እየተንበረከከች የያንዳንዳቸውን እግር ትለካለች፤ ቁጥሩን ትነግራቸዋለች፤ እነሱም እግዜር ይስጥልን እያሉ አንገታቸውን ይደፋሉ። ጫማ ግን የለም፤ መደርደሪያው ባዶ ነው። ቬርሊን ጥግ ላይ ቆሞ የራሱን እግር በአጭሩ መስተዋት ቢያይ ቡት ጫማውን አላወለቀም። ከነጭቃው።

ይህን ለዶክተር ዊት ነገራት።

«መድኃኒቱ እንቅልፍ ይሰጣል፣ ሕልሙን ግን ያስቀረዋል» አለችው። «ሲቀንስ የቀረው ይመጣል።»

«የአሥራ አንድ ዓመቱ ሁሉ?»

«የስንቱን እንደሆነ አላውቅም። ሕመምዎስ?»

«ሕመሙማ ታማኝ ነው» አላት፤ «ቀርቶ አያውቅም።»

ሚስቱን ለመጠየቅ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ዶርካስ ጓሮ ውስጥ ሽንኩርት ትተክላለች። እሱ በተደፋ ባልዲ ላይ፣ ጀርባውን በአጥሩ እንጨት አስደግፎ ተቀምጧል። ጠዋት ስለሆነ ጉሙ ገና ከጓሮው ጫፍ አልለቀቀም፤ ዶርካስ ወደ መደቡ ጫፍ ስትሄድ ትደበዝዛለች፣ ስትመለስ ትጠራለች።

«የእማዬን ቀብር ንገሪኝ» አላት።

ዶማዋ አየር ላይ ቆመ። «ስድስት ዓመት ሙሉ አልጠየቅከኝም።»

«አሁን ጠየቅኩሽ።»

እስከ መደቡ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች። ከዚያ ዶማውን መሬት ላይ አስደግፋ፣ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ሽንኩርቱ እያየች ነገረችው።

«ጠዋት ክኒንህን ወሰድክ። ብዙ ስለምንቆም ብለህ አንድ ጨመርክ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ወንድም ኤስቲል ጸሎቱን ጨርሶ ወደ አንተ አየ። አንተም ቆብህን አውልቀህ አወረድክ። ድምፅህ የድሮው ነው ቬርሊን፤ ምንም አልጎደለውም። ‹ማዶው ታየኝ፣ ጉሙ ገለጥ ሲል› አልክ። ተቀበልንህ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሁለተኛውን ስንኝ ስንጠብቅ ‹ማዶው ታየኝ፣ ጉሙ ገለጥ ሲል› አልክ። መድገም ፈልገህ መሰለን። ተቀበልን። ሦስተኛም ያንኑ አልክ።»

ቬርሊን ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«አራተኛም» አለች ዶርካስ። «ማንም ማንንም አላየም። ሁላችንም ጫማችንን እያየን እንቀበላለን። እስከ አሥራ አራት ድረስ ቆጠርኩ፤ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ፊትህ ሰላም ነው። እንደዚያ ሰላም የሆነ ፊት አይቼብህ አላውቅም።»

«አልሳቁም?»

«ማን ይስቃል? የሆባርት ልጆች እንኳ አልሳቁም። ባወረድክ ቁጥር ተቀበልንህ። ምን እናድርግ፤ አውራጁ አንተ ነህ። በመጨረሻ ወንድም ኤስቲል ትከሻህን ያዘና አሜን አለ።» ዶማውን አነሳች። «መኪና ውስጥ ‹ጥሩ ነበር፣ አይደል?› አልከኝ። ‹ጥሩ ነበር› አልኩህ።»

ጉሙ ከጓሮው ሲነሳ ቬርሊን እዚያው ባልዲው ላይ ነበር። ያቺን ስንኝ በሆዱ ሊላት ሞከረ። ቀጣዩ ስንኝ ወዲያው መጣለት፤ የሚቀጥለውም፣ አራቱም ቤት እስከ መጨረሻው። አሁን ሁሉንም ያውቀዋል። ይህ ከሁሉ የባሰ ሆነበት። የሸለቆው ሰው ሁሉ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላም ሲለው፣ ስለ ዝናብና ስለ አደን ሲያወራው፣ ይህን ይዞ ነበር ማለት ነው፤ ይዞም አንድ ቀን አልጣለበትም።

በማግስቱ ወደ ሆባርት ወረደ።

«ነገረችህ» አለ ሆባርት፣ ፊቱን ገና እንዳየው።

«ነገረችኝ። ያ ነገር አለህ?»

ወንድሙ መልስ ከመስጠቱ በፊት እጁን ለረጅም ጊዜ ጠረገ። ሆባርት ለጉልበቱ ከግዛቱ ወሰን ማዶ ካለ ሰው የሚያገኘው ክኒን እንዳለው ቬርሊን ያውቃል፤ ሲሰጠውም እምቢ ሲል ከርሟል። «ግዛቱ እጁ የሚደርሰው እስከ ወንዙ ነው» ይላል ሆባርት፤ «ከወንዙ ወዲያ የሌላ ሰው እጅ ነው።» ዛሬ ግን አልቀለደም። ሦስት ክኒን በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ ሰጠው።

«ሦስት ብቻ ነው» አለው። «ለአራተኛ ብትመጣ አልሰጥህም።»

ቬርሊን ያን ዕለት አንዱን፣ በማግስቱ ሁለተኛውን ዋጠ። ጥጡ ተመለሰ። ሕመሙ ታዝዞ ወደ ጓዳው ገባ፤ በሩም ተዘጋ። ከሰዓት በኋላ ተኛ። እናቱ አልመጣችም፤ በረንዳ የለም፣ ጉም የለም፣ ሰው የለም። ልክ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ላይ ዓይንን አስጠግቶ እንደመቆም ነበር። ሁለቱንም ቀን እንዲያ ተኝቶ ሲነቃ ዶርካስ ፊቱን አይታ፣ «ዛሬስ ማንን አየህ?» ብላ አልጠየቀችውም። አውቃለች።

ሦስተኛውን ክኒን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ይዞ ሲመላለስ ስልክ ተደወለ። ክሊኒኩ ነው። ነገ ክኒኑን ከነጠርሙሱ ይዞ ይምጣ፤ ቆጠራ አለ።

በማግስቱ ክሊኒኩ ውስጥ ከሕመምተኞች ሌላ አንዲት የግዛቱ ተቆጣጣሪ ነበረች። ወጣት ናት፤ ክንዷ ላይ ወፍራም ማኅደር ይዛለች። የመድኃኒቱን ቁም ሣጥን ቁልፍ እየሞከረች ትጽፋለች። አንዲት አሮጊት «የጫማ ቁጥሬ ሠላሳ ሰባት ነው፣ የኔ እመቤት» ስትላት ተቆጣጣሪዋ ግራ ገብቷት ፈገግ አለች።

የቬርሊን ክኒን በሰማያዊ ትሪ ላይ ተቆጠረ። አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተረፈም። ከዚያ የሽንት መያዣ ኩባያውን ሰጡት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዶክተር ዊት ጠርታ በሩን ዘጋችበት።

«አቶ ስቴሲ፣ እኔ ያላዘዝኩልዎ ነገር ሽንትዎ ውስጥ አለ።»

ቬርሊን ከኪሱ የጋዜጣ ቁራጩን አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው። «ሦስት ነበሩ» አላት።

ሐኪሟ ወረቀቱን አልነካችውም። «ይህን ልጽፈው ነው።»

«ይጻፉት።»

«ሁለተኛ ከተገኘ አሰናብትዎታለሁ። አልፈልግም፣ ግን አሰናብትዎታለሁ።» ከግድግዳው ማዶ ተቆጣጣሪዋ መሳቢያ ስትከፍት ይሰማል። «ሦስት ወር ሙሉ ችለው፣ አሁን ምን አገኘዎት?»

ቬርሊን ሊነግራት አላሰበም ነበር። ግን ነገራት፤ ስለ ፎሶሊያው፣ ስለ ጥያቄው፣ ስለ ስንኙና ስለ ተቀባዮቹ። ሲናገር ጠረጴዛው እግር ሥር ያለውን አጭር መስተዋት ያይ ነበር፤ እዚያ ውስጥ የሱና የሐኪሟ ጫማዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«እናትዎ መቼ ነበር ያረፉት?» አለችው ሲጨርስ።

ወሩን ነገራት። ዶክተር ዊት ተነስታ የቆየውን ማኅደሩን አወጣች። መነጽሯን ጸጉሯ ውስጥ ፈልጋ አደረገች። ገጾቹን ወደ ኋላ እየገለበጠች ሄዳ አንዱ ላይ ቆመች፤ ቆማም ቀረች።

«በዚያ ሳምንት እኔ ጋ መጥተው ነበር» አለች። «ከቀብሩ ሁለት ቀን በፊት። መጠኑን ከፍ አድርጌዋለሁ። ምክንያቱን ጽፌያለሁ።» ጣቷን በጽሑፉ ላይ አስኬደች። «‹እናቱ ሞተዋል፤ መጽናናት ያስፈልገዋል።›»

ከግድግዳው ማዶ መሳቢያው ተዘጋ።

«ሐሳቡ ደግ ነበር» አለ ቬርሊን።

«ደግ ነበር» አለች ሐኪሟ። ማኅደሩን ዘጋችው፣ ግን እጇን ከላዩ አላነሳችም። «ያን ጊዜ የሚያነበው ሰው ቢኖር ይጠይቀኝ ነበር። ተቆጥቼ ነበር የምመልስለት፤ ግን ይጠይቀኝ ነበር።»

ያን ቀን ማስጠንቀቂያው ላይ ፈረመ። የቀረውን ሦስተኛ ክኒን ተቆጣጣሪዋ ባለችበት አጠፉት።

ሰኔ ላይ ክሊኒኩ ተዘጋ። አዲሱ ሕግ ባለቤቱ ሐኪም ይሁን ይላል፤ ጎማ ሻጩ ደግሞ ጎማ ሻጭ ነው። ዶክተር ዊት ለየሕመምተኛው ደብዳቤ ጻፈች። ቬርሊን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቆ ባለ ክሊኒክ ተቀባይነት አገኘ፤ መጠኑም ድሮ ይወስድ ከነበረው ሲሶው ላይ ቆመ። «ከዚህ በታች አይቀንሱበት» ብላ ሐኪሟ በደብዳቤው ላይ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሥምራ ነበር። ሁሉም እንደሱ አልቀናቸውም። የጫማ ቁጥሯን የተናገረችው አሮጊት የሚቀበላት ክሊኒክ አጥታ ክረምቱን አልጋ ላይ ከረመች። በታችኛው ሸለቆ የሚኖር አንድ የጉድጓድ ባልደረባው ክሊኒኩ ሲዘጋበት ከመንገድ ገዛ፤ ነሐሴ ላይ ቀበሩት። በሌላ በኩል ግን፣ እስከዚያ ዓመት መጨረሻ ሸለቆው ከሠላሳ ዓመት በታች ያለ ሰው አልቀበረም። ቬርሊን ይህን ከዚያኛው ላይ መቀነስም መደመርም አልቻለም። ሲጠይቁት «ሁለቱም እውነት ነው» ይል ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ እንደየዓመቱ፣ ዘመድ ሁሉ ተራራው ላይ ባለው መቃብር የሙታን መታሰቢያ ሊያደርግ ተሰበሰበ። ሰባኪው ወንድም ኤስቲል አርጅቷል። ከጸሎቱ በኋላ ወደ ቬርሊን አየ፤ ዓይኑ ውስጥ ምንም ፍርሃት አልነበረም። ቬርሊን አይሆንም በሚል ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። የሆባርት ትልቋ ሴት ልጅ ወጣች፤ ሴት ስታወርድ ብዙም አልተለመደም፣ ግን ማንም አልተናገረም። ቬርሊን በአጥሩ ተደግፎ ከተቀባዮቹ ጋር ተቀበለ። ከሰው መሐል ሆኖ ሲቀበል ድምፁ የቱ እንደሆነ አይለይም፤ ይህም አሳረፈው።

ሲመለሱ ዶርካስ ትነዳለች። ከሰኔ ወዲህ ልማድ ሆኗል፤ እሱ ከጥጡ ዓመታት አንዱን ይጠይቃታል፣ እሷ ትነግረዋለች። የፖም ዛፉ መቼ ወደቀ፤ ድልድዩን ጎርፍ የወሰደው በየትኛው ዓመት ነው።

«እማዬ በሞተች በሁለተኛው ዓመት በጋ ምን አደረግን?» አላት።

ዶርካስ ሁለት ኩርባ ዞረች።

«የዚያን በጋ ሻንጣዬን ይዤ ሄድኩ» አለች።

«የት?»

«ሐይቁ ጋ። ሞቴል ያዝኩ። ሦስት ቀን ቆየሁ። የተጠበሰ ዓሣ በላሁ፤ ጀልባ ሲሄድ ሲመጣ አየሁ። ላልመለስ ነበር የሄድኩት።»

ቬርሊን ወደ እሷ ለመዞር ሞከረ፤ ጀርባው ስላልፈቀደለት የመኪናውን መስታወት አየ። «እኔስ ምን አልኩ?»

«ስገባ ወንበርህ ላይ ነበርክ። ‹ቡና አለ?› አልከኝ። መሄዴን አላወቅክም።»

መንገዱ ወደ ጅረቱ እየወረደ፣ ጥላና ብርሃን መስታወቱ ላይ ይፈራረቃሉ።

«ለምን ተመለስሽ?»

«ዶሮዎቹ» አለች።

«ለዶሮዎቹ?»

«ማን ያበላቸዋል? አንተ?» ድምፅዋ ቀልድም ነበረው፣ ቀልድ ያልሆነም ነበረው። ቆይታ፣ «ሁሉንም አትጠይቀኝ ቬርሊን» አለችው። «እኔም የራሴ የሆኑ አሉኝ። ስፈልግ እነግርሃለሁ።»

«እሺ» አላት።

ቤታቸው ሊደርሱ ሲሉ፣ «ሐይቁ ሩቅ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ሁለት ሰዓት። ጀርባህ አይችለውም።»

«አይችለውም» አለ።

ሐሙስ ዕለት ሄዱ። ቬርሊን የኋላ ወንበር ላይ ሁለት ትራስ ተደግፎ በጀርባው ተኛ፤ ከመስኮቱ የዛፍ ጫፍና ሰማይ ብቻ ያያል። ሁለት ጊዜ አስቁሟት ወርዶ ቆመ፣ አንድ ጊዜም ጥርሱን ነክሶ እንባው ወረደ። ሐይቁ ጋ ሲደርሱ ከመኪናው መውጣት አልቻለም። ዶርካስ የኋላውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችለት። ዓሣዋን ገዝታ በወረቀት ሳህን የመኪናው አፍንጫ ላይ አስቀምጣ፣ ቆማ፣ በእጇ ትበላለች። ውሃው በማለዳው ጭጋግ ነጭ ነው፤ ጀልባዎቹ ይሰማሉ እንጂ አይታዩም።

«ያኔም እንዲህ ነበር?» አላት ተኝቶ ሳለ።

«ያኔ ጥርት ያለ ነበር» አለች። ጣቷን በወረቀት ጠርጋ አንድ ቁራሽ ዓሣ ይዛ መጣች። «ቀና በል፤ አጥንት አለው።»